ቆሼ ለነዋሪው ይመለስ እንጂ ለሕንፃ አይሰጥ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ቆሼ የወደፊት ዕጣ በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ በአጭሩ የሚለው እንዲህ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረው የረጲ ማጠራቀሚያ ተዘግቶ ከጸዳ በኋላ፣ ወደ 36 ሄክታር የሚጠጋው መሬት አፈር ለብሶ በሊዝ ለአልሚዎች ይተላለፍና በአምስት ዓመት ውስጥ አፓርትመንትና የገበያ ማዕከል ይሠራበት፤ የታችኛው ቆሻሻ አርጅቶ አፈር ሆኗል፤ ሁለት ሜትር አፈር ሽታውንም ጋዙንም ያፍነዋል፤ ለሕንፃው ክብደት ደግሞ ፓይል፣ ማለትም ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ ምሰሶ፣ አለለት፤ ሴኡል፣ ቴል አቪቭና ኒውዮርክ ያደረጉት ይኸንኑ ነው፤ መናፈሻ ወጪ እንጂ ገቢ የለውም፤ በዙሪያው የሰፈሩት ሰዎችም ካርታ ስለሌላቸው ጉዳያቸው በቶሎ የሚያልቅ ነው።

የጸሐፊው ፍላጎት ቅን መሆኑን አልጠራጠርም። ከቀለበት መንገዱ አጠገብ ያለ ያን ያህል ሰፊ ቦታ ለዘለዓለም ታጥሮ ይቅር የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም አልልም። የምንለያየው መሬቱ ለማን፣ ለምን ዓይነት አገልግሎትና በስንት ጊዜ ውስጥ ይመለስ በሚለው ላይ ነው። ነጥቦቻቸውን ባስቀመጧቸው ቅደም ተከተል እየተከተልኩ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ክርክራቸው የቆሻሻው ዕድሜ ነው። ቆሼ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ በመሆኑ ከሥር ያለው ቆሻሻ በስብሶ አልቋል ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የምግብ ትርፍራፊ፣ የአትክልት ገለባና መሰል በስባሽ ነገር ስለሆነ፣ አየር እያገኘ ቢቆለል ኖሮ በእርግጥ ቶሎ ወደ ብስባሽነት ይለወጥ ነበር። ነገር ግን በዶዘር እየተደለደለና እየተረገጠ በላዩ ሌላ ቆሻሻ ሲጫንበት አየር ያጣል፤ አየር ባጣ ክምር ውስጥ መበስበስ አዝጋሚ ይሆናል፤ በሒደቱም ሚቴን ጋዝ ያለማቋረጥ ይፈጠራል። በዚያ ላይ ቆሼ ባለ አንድ ዕድሜ ክምር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የሰንዳፋው ማስወገጃ ሥራ ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ወደዚያ ሲዞር ቆሼ ያረፈ መስሎ ነበር፤ ይሁንና የሰንዳፋ አካባቢ አርሶ አደሮች ባነሡት ተቃውሞ ሥራው በወራት ውስጥ ቆመና መኪኖቹ ተመልሰው ወደ ረጲ መጡ። ስለዚህ በአሮጌው ላይ አዲስ፣ በአዲሱም ላይ ይበልጥ አዲስ ቆሻሻ ተነባብሯል። ከሥር በኩል አፈር ቢገኝ እንኳ ከዚያ በላይ ባሉት ንብርብሮች ውስጥ ገና ያላለቀ መበስበስ አለ።

መቼም የማይበሰብሰውን ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ አላነሡትም። ቆሼ ሲከፈት የቤት ቆሻሻ፣ የፋብሪካ ተረፈ ምርትና የሆስፒታል ቆሻሻ በየፈርጁ ተለይቶ የሚወገድበት ሥርዓት አልነበረም፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ተደፍቷል። ከባትሪ፣ ከቀለምና ከቆዳ ሥራ የሚመጣ ከባድ ብረት በጊዜ ብዛት አይጠፋም። ከላይ የሚገባው ዝናብ አጥቦት ይወርዳል እንጂ። ቦታው ሲመረጥ ከሥሩ ማገጃ ስላልተነጠፈና ፍሳሹን የሚሰበስብ ቧንቧ ስላልተቀበረ፣ ከክምሩ የሚወጣው ጥቁር ፍሳሽ ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ይሄዳል። በዚያ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ እንደሚለማ፣ አትክልቱም ወደ ከተማው ገበያ ተመልሶ እንደሚገባ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። የጽዳቱ ዋና ሥራ እንግዲህ ውኃ ወደ ክምሩ እንዳይገባ መከልከልና ቀድሞ የገባውን መሰብሰብ ነው፤ የላይኛውን ገጽታ ማሳመር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ሁለተኛው ነጥብ ነው። ሁለት ሜትር አፈር ጋዙን ያፍነዋል የሚለው። ጋዝ አይታፈንም። ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሚቴን ነው፤ ሚቴን ደግሞ በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ክዳኑ በጭቃ የተመረገ ድስት እንፋሎቱን ባገኘው ቀዳዳ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ከላይ የተዘጋ ክምርም ጋዙን በጎን ይገፋዋል፤ በተሰነጠቀ ዓለት፣ በአሮጌ የውኃ መስመርና በስልክ ገመድ ቦይ አድርጎ ከክምሩ ውጪ ወዳለ ቤት ምድር ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 በእንግሊዝ ሎስኮ በተባለች መንደር አንድ መኖሪያ ቤት ከሥሩ የፈነዳው በዚህ ምክንያት ነበር። ቤቱ የተሠራው በቆሻሻው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ነው። በዚያ ዕለት የአየር ግፊቱ በፍጥነት በመውረዱ በአፈር ውስጥ የነበረው ጋዝ ወደ ቤቱ ተሳበ። አደጋውን ተከትሎ በእንግሊዝ በተዘጉ ማጠራቀሚያዎች አካባቢ የሚደረገው የጋዝ ቁጥጥር ጠበቀ።

አፈሩ ራሱ ምን ዓይነት አፈር ነው የሚለውም መነሣት አለበት። በአዲስ አበባ ደቡብና ምዕራብ በቀላሉ የሚገኘው ጥቁር አፈር ነው። ይህን አፈር በክረምት ያየው ሰው ውኃ የማያሳልፍ ምርጥ መክደኛ ሊመስለው ይችላል። በጥር ወይም በየካቲት ተመልሶ ቢያየው ግን የሰው እጅ እስከ ክርን የሚያስገባ ስንጥቅ ያገኛል። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በዚያ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ወደ ቆሻሻው ይወርዳል፤ በኋላም በገጹ ላይ በሚያቁረው ኩሬ ውስጥ ጋዙ እንደ ፈላ ውኃ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ደንበኛ ሽፋን ስለዚህ አንድ ንብርብር ብቻ አይደለም። ክምሩ በገረጋንቲ ይደለደላል፤ በላዩ ጋዙ እየተሰበሰበ ወደ ቱቦ የሚሄድበት የጠጠር ንብርብር ይነጠፋል፤ ቀጥሎ በውኃ ተለክቶ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ወይም ጂኦመምብሬን የሚባል ውኃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ከዚያ የዝናቡን ውኃ ወደ ጎን የሚያወጣ ጠጠር፣ በመጨረሻም ሣር የሚበቅልበት አፈር ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ብዙም አያገለግሉም።

ፓይልን በተመለከተ ጸሐፊው መሐንዲስ እንደሆኑ ይገልጻሉና ክርክራቸውን በሙያው ቋንቋ እመልሳለሁ። ፓይል እስከ ጠንካራው ዓለት ቢወርድ ሕንፃው እንደማይሰምጥ እቀበላለሁ። ችግሩ በዙሪያው ያለው መሬት መስመጡን አለማቆሙ ነው። የቆሻሻ ክምር በአሥርት ዓመታት ውስጥ የቁመቱን አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊሰምጥ ይችላል፤ 20 ሜትር ውፍረት ያለው ንብርብር አንድ አሥረኛውን ቢሰምጥ 2 ሜትር ማለት ነው፤ የሚሰምጠውም በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ሕንፃው ባለበት ሲቆም ግቢው ወርዶ ከወለሉ ሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ በዚያ ባዶ ቦታ ጋዝ ይጠራቀማል፤ ወደ ሕንፃው የሚገባው የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ በመግቢያው ላይ ይቆረጣል። የሚሰምጠው ቆሻሻ ፓይሉን ወደ ታች እየጎተተ ያልተሰላ ጭነት ይጨምርበታል፤ ፍሳሹ ደግሞ ኮንክሪቱንና ብረቱን ይበላል። ከዚህም የከፋው እያንዳንዱ ፓይል የታችኛውን አፈር በስቶ ለፍሳሹ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚወርድበት አዲስ መንገድ መክፈቱ ነው። ይህ ሁሉ በቴክኒክ መፍትሔ የለውም አልልም፤ በሌላው ዓለም በአሮጌ ክምር ላይ መጋዘንና የስፖርት ማዘውተሪያ የተሠራበት ቦታ አለ። ነገር ግን ከወለል ሥር የጋዝ ማገጃና አየር ማስወጫ፣ በየክፍሉ የጋዝ መቆጣጠሪያና ለአሥርት ዓመታት የማይቋረጥ ጥገና ይጠይቃል። የኮንዶሚኒየም አሳንሰር ተበላሽቶ ለወራት በሚቆምበት ከተማ ነዋሪዎች ያንን ጥገና ራሳቸው እያዋጡ ይቀጥላሉ ብሎ ማቀድ አይቻልም።

ጸሐፊው እዚያው ግቢ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀውን የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫ «ይኸው ቆሟል» ብለው፣ በቦታው ላይ ሕንፃ መሥራት እንደሚቻል ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። የኢንዱስትሪ ተቋም ውስጥ ሠልጥኖ የተመደበ ሠራተኛ ነቅቶ ይሠራል፤ በአፓርትመንት ውስጥ ሰው ይተኛል። በመካከላቸው ማነጻጸር የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ወደ ውጭ አገር ምሳሌዎቹ ስንሄድ ሦስቱም የሚመሰክሩት ለእኔ ነው። የሴኡሉ ናንጂዶ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1993 ድረስ የከተማውን ቆሻሻ ሲቀበል ቆይቶ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጉ ሁለት ተራሮች ሆነ። ከተዘጋ በኋላ ዓመታት የወሰደ የማረጋጋት ሥራ ተሠራ፤ ፍሳሹ እንዳይወጣ ዙሪያውን ግድግዳ ተቀበረ፤ ጋዙ በጉድጓዶች ተሰብስቦ በአቅራቢያው ላለው የዓለም ዋንጫ ስታዲየምና ለመኖሪያ ሕንፃዎች ማሞቂያ ሆነ፤ መናፈሻውም በ2002 ተከፈተ። ስታዲየሙና ሕንፃዎቹ የቆሙት ከተራሮቹ አጠገብ ነው። በተራሮቹ አናት ላይ ያለው ሣርና የእግር መንገድ ነው። ከዚያም በላይ ለክርክራችን የሚጠቅም ነገር አለ፤ ከሁለቱ ተራሮች በአንዱ ላይ የጎልፍ ሜዳ ተሠርቶ ነበር፤ የከተማው ነዋሪ ለጥቂቶች ብቻ ለምን ይሆናል ብሎ ለዓመታት ከተከራከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ሜዳው ለሁሉም ክፍት መናፈሻ ተደረገ። ጸሐፊው ገቢ ያመጣል ያሉት አሠራር በጠቀሱት ከተማ ተሞክሮ የተተወ ነው።

በእስራኤል ያሉ አንባቢዎች ከቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቴል አቪቭ ሲሄዱ የሚያዩት አናቱ ጠፍጣፋ ኮረብታ ሂሪያ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1998 የቴል አቪቭ አካባቢ ቆሻሻ መጣያ ነበር፤ የተዘጋውም በላዩ የሚያንዣብቡት ወፎች ለአውሮፕላኖች አደጋ በመሆናቸው ጭምር ነው። ዛሬ የአሪኤል ሻሮን መናፈሻ አካል ነው፤ ጋዙ ይሰበሰባል፤ በግርጌው ቆሻሻ የሚለይበትና ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውልበት ማዕከል ይሠራል፤ ተማሪዎችም ይጎበኙታል። በኮረብታው ላይ አፓርትመንት የለም። የኒውዮርኩ ፍሬሽ ኪልስ ደግሞ ስለ ጊዜ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2001 ተዘግቶ፣ ወደ 890 ሄክታር ከሚጠጋው ስፋቱ በቀድሞው ክምር ክልል ውስጥ የመጀመሪያው ቁራጭ ለሕዝብ የተከፈተው በ2023 ነው። ከእኛ እጅግ የበለጠ ገንዘብና ባለሙያ ያላት ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቃለች። ጸሐፊው ለቆሼ የሰጡት አምስት ዓመት ከየት እንደመጣ ቢገልጹልን ጥሩ ነበር።

የአሜሪካን ምሳሌ ካነሡ አይቀር ላቭ ካናልን መተው አልነበረባቸውም። በዚያው በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት አንድ የኬሚካል ኩባንያ ከ20,000 ቶን በላይ ኬሚካል በቀበረበት ቦይ ላይ አፈር ካለበሰ በኋላ መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1953 ለትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው፤ ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ በዙሪያውም ቤቶች ተሠሩ። በ1978 ፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው ነዋሪዎችን ማስወጣት ተጀመረ። ቆሼ የኬሚካል መቀበሪያ አይደለም፤ ሁለቱን አላመሳስልም። ነገር ግን አፈር የለበሰ መሬት ንጹሕ ነው ብሎ ለግንባታ ማስተላለፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የታወቀው እዚያ ነው።

ስለ ገንዘቡ። ጸሐፊው የሊዙን ገቢ ብቻ ቆጥረው የሚከተለውን ኃላፊነት አልቆጠሩም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የማስወገጃ ቦታ ባለቤት በሥራው ወቅትም ሆነ ቦታው ከተዘጋ በኋላ በአካባቢ፣ በሰው ጤናና በንብረት ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ባለቤቱ ከተማው ነው። አልሚው አፓርትመንቱን ሸጦ ይወጣል፤ ጋዙ የገባበት ቤት ባለቤት የሚከሰው ግን ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕግ ከተዘጋ ማጠራቀሚያ ላይ ክትትል ቢያንስ ለ30 ዓመት ያህል እንዲቀጥል የተደነገገው ወጪው ከመዘጋት ጋር ስለማያበቃ ነው። መናፈሻ ገቢ የለውም የሚለውም ቢሆን የተጋነነ ነው፤ የተሰበሰበ ጋዝ ዋጋ አለው፤ በከተማው ውስጥ ከተከፈቱት መናፈሻዎችም መግቢያ የሚያስከፍሉ አሉ፤ እኔ ግን ለዘነበወርቅና ለአየር ጤና ልጅ ኳስ መጫወቻ ክፍያ ይጠየቅ ብዬ አልከራከርም። የገበያ ማዕከል እጥረት ያለባት ከተማም አትመስለኝም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ፣ ወደ ሰዎቹ ስመጣ የጽሑፉ ደካማ ክፍል ይህ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ የተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ሲያውጅ፣ የሞቱት አብዛኞቹ በክምሩ ጥግ የጭቃና የላስቲክ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ጸሐፊው ይህን አደጋ በአንድ ሐረግ አልፈውት፣ ስለ ቀሩት ሰዎች «ጨረቃ ቤት» ብለው ይዘጉታል። አካባቢው እንዴት እንደተመሠረተ ግን ቢጠይቁ መልካም ነበር። የአለርት ሆስፒታል እዚያው ዘነበወርቅ ነው፤ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከየገጠሩ ለሕክምና መጥተው ወደ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፈሩ፤ ሌላ ሥራ የሚሰጣቸው ሲጠፋ ብዙዎቹ ከቆሼ ፕላስቲክ፣ ብረትና ጠርሙስ እየለቀሙ ለቆራሌው በመሸጥ ልጆች አሳደጉ። ለከተማው ቆሻሻ መቀነስ ማንም ሳይከፍላቸው ሠርተዋል።

ካርታ የላቸውም ማለት ደግሞ መብት የላቸውም ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆን ኑሯቸው ለተነካባቸውም ሰዎች የገንዘብ ወይም ሌላ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ በቂ እርዳታ ተደርጎላቸው ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርንም ይጨምራል። ማጠራቀሚያው ሲዘጋ የአንዲት ለቃሚ እናት ቤት ባይፈርስ እንኳ የዕለት ገቢዋ በዚያው ቀን ይቆማል። ስለዚህ ሒሳቡ ከቤት ግምት መጀመር የለበትም፤ በቦታው ላይ ማን ምን እየሠራ እንደሚኖር በስም ከመመዝገብ ነው። የሂሪያ ዓይነት የመለያ ማዕከል በግቢው ዳር ቢሠራ፣ ሥራውም ለቃሚዎቹ ለሚያቋቁሙት ማኅበር ቢሰጥ፣ ዕቃውን በእጃቸው የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ ለሥልጠና የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው። የግቢው ጥበቃ፣ የሣር እንክብካቤና የፍሳሽ ቦይ ጽዳትም እንዲሁ።

በክምሩ ላይ ዛፍ ይተከል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ስለሚችል እርሱን በአጭሩ ልለፈው። ባሕር ዛፍ በሽፋኑ ላይ መትከል ስሕተት ነው፤ ሥሩ ሸክላውን ይበሳል፤ ጋዙም በሥሩ ዙሪያ ያለውን አየር አስወጥቶ ራሱን ዛፉን ያደርቀዋል። ለተዳፋቱ እንደ ቬቲቨር ያለ አፈር የሚይዝ ሣር፣ ዛፍ ደግሞ ከክምሩ ውጪ ባለው ዳርቻ ይሻላል።

ለቆሼ የሚበጀው እንግዲህ በየደረጃው መክፈት ነው። ከአደጋው በኋላ በቦታው በከፊል የተሞከረው የፉኩኦካ ዘዴ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በክምሩ ሥር ቀብሮ አየር እንዲገባና ፍሳሹ እንዲወጣ የሚያደርግ፣ መበስበሱን የሚያፋጥንና ሚቴኑን የሚቀንስ፣ ዋጋውም ለእኛ አቅም የቀረበ በመሆኑ ተዳፋቱን በማለዘብና ሽፋኑን በትክክል በማልበስ ታግዞ ሊስፋፋ ይገባዋል። በዚህ መካከል መጀመሪያ ሊከፈት የሚችለው ቆሻሻ ያልተቆለለበት የግቢው ዳርቻ ነው፤ የእግር መንገድ፣ የኳስ ሜዳ፣ የእድር ድንኳን የሚተከልበት ሜዳና በ2009 ዓ.ም. የሞቱት ስማቸው የሚጻፍበት ቦታ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሊሠሩ ይችላሉ። የክምሩ አናት የሚከፈተው መስመጡና ጋዙ በተከታታይ ተለክቶ ሲረጋጋ ነው፤ የልኬቱም ውጤት ለቢሮ ፋይል ብቻ ሳይሆን በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጸሐፊው የሚመኙትን አፓርትመንትም ቢሆን ፈጽሞ አልከለክልም፤ ከክምሩ በበቂ ርቀት፣ የጋዝ መቁረጫ ቦይ ከተቆፈረለትና በመካከል ያሉት የመለኪያ ጉድጓዶች ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት ንጹሕ ንባብ ከሰጡ በኋላ ሊሠራ ይችላል፤ ከሚሠሩትም ቤቶች ቅድሚያው ዛሬ በክምሩ ጥግ ለሚኖሩት ይሁን።